የባቡሩ ካልሲ

አባቴ አንድ ዊንተር ክሎዜት ውስጥ ኖሯል። ወሬውን በዚህ ስጀምረው ሰው ይስቃል፤ እንዲስቅልኝም ነው በዚህ የምጀምረው። ዓመታት ሙሉ ግብዣ አድምቄበታለሁ። የጋሼ ዘውዴ ድምፅ የቱ ጋ መውጣት እንዳለበት፣ እናቴ የዳቦ ቢላዋ ይዛ ስትመጣ የቱ ጋ ቆም ብዬ ውሃ መጎንጨት እንዳለብኝ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ታሪኩን ግማሹን ብቻ ይዤ ስዞር እንደነበር የገባኝ ገና በቅርቡ ነው።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ውስጥ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነበር። መኝታ ቤቱ የእናቴና የአባቴ ነው። እኔ ሳሎን፣ ቀን ሶፋ ማታ አልጋ የሚሆን ዕቃ ላይ እተኛለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር በር ያለው ክፍል ነው። ክፍሌ ውስጥ የማደርገው የተለየ ነገር ኖሮኝ አይደለም። በሩን በሰው ፊት ድርግም አድርጌ መዝጋት ነበር የምፈልገው። ሶፋ ደግሞ ድርግም አይልም።

ቤታችን አንድ ጉድ ነበረው። ከመኝታ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚካፈል፣ በሩ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት፣ ለቤቱ የማይመጥን ትልቅ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ክሎዜት። ሕንፃውን የሠራው ሰው መስኮት ማውጣት ረስቶ ሲያፍር «ይሄማ ክሎዜት ነው» ያለ ይመስለኛል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አባቴ ሻንጣዎቹን ሁሉ አውጥቶ በረንዳ ላይ ከመረና ውስጡን ቀለል ያለ አረንጓዴ ቀባው።

«ዳዲ፣ ዋት ኢዝ ኢት?» አልኩት።

«ሰርፕራይዝ ነው» አለኝ። እናቴ ከኋላው ቆማ ሳቀች። እኔን አላዩኝም፤ እርስ በርሳቸው ነበር የሚተያዩት።

ይሄ ከክፍሌ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ካርቶን መጥቶ ክሎዜቱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በካርቶኑ ቀዳዳ ብመለከት የተላገ ነጭ እንጨት ታየኝ። አልጋዬ ነው። ሶፋዬን በልቤ ተሰናበትኩትና ትምህርት ቤት ሄጄ የራሴ ክፍል ሊኖረኝ ነው ብዬ ለተማሪው ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ቆመ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የወሰደኝ አባቴ ሳይሆን ጋሼ ሳላሃዲን ነበር። ጋሼ ሳላሃዲን ዲቪ ደርሶት ከእኛ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጣ፣ ረጅም ትሬለር የሚነዳ፣ ፎረስት ፓርክ የሚኖር የአባቴ ጓደኛ ነው። እሱ ቤት ጥቂት ቀን ሰነበትኩ። ስመለስ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «ፍሉ ነው፣ አትጠጊያት» አለኝ አባቴ። ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስልክ ሲደወል የሚያነሣው እሱ ነው። እኔ ያሳሰበኝ የካርቶኑ አለመከፈት ነበር። ሰው በጉንፋን ምክንያት አልጋ መገጣጠም እንዴት ይተዋል?

በዚያው ሳምንት መኪናችንም ተገጭታ ነበር። እናቴ ከፓርኪንግ ወደ ኋላ ስትወጣ ካምሪዋን ከምሰሶ ጋር አላትማ የኋላ ባምፐሯን ሰብራዋለች። ይሄን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መዝሙሩ አልቆ የምስክርነት ሰዓት ደረሰ፤ ምስጋናም ሆነ ጭንቀት ያለው ሰው ተነሥቶ ማይክ ይቀበላል። አባቴ ማይክ አይወድም። ስሙን እንዲናገር ሲጠየቅ እንኳን በላብ የሚጠመቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ተነሣ። እኔ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ተቀምጬ ከወንበሩ ላይ የደረቀ ማስቲካ በጥፍሬ እየፋቅኩ ስለነበር ቃሉን አልያዝኩትም። ድምፁ ሲቆራረጥ ሰማሁ፤ መጨረሻ ላይ «ጸልዩልን» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ባንዴ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ቀና አልኩ። እናቴ ጫማዋን ታያለች። ጎኗ የነበሩት ሴትዮ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። እሷ እጁን እንደ ዕቃ አንሥታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ በመሀል መተላለፊያው ቀጥ ብላ ወጣች። የተሰበረችው ካምሪ ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ድምፁ አዳራሹ ድረስ ተሰማ። በር አዘጋግ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ቀናሁባት።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። አባቴ እናቴ መኪና መግጨቷን ለቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ተናገረባት። በማይክ፣ ያውም ዲቪዲ እየተቀረጸ። እኔም ብሆን እናደዳለሁ።

አባቴ የተናገረው ስለ ካምሪዋ አልነበረም። እናቴ አምስት ወር የተሸከመችው ጽንስ ጨንግፎባት ነበር። ለእህቷ አልነገረችም፣ ለሥራ ባልደረቦቿ አልነገረችም፤ በኋላ እንዳለችኝ ገና ለራሷም አልነገረችውም። አባቴ ግን ያደገው ጭንቀት የሚራገፈው በጉባኤ ነው በሚል ቤት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ብቻውን ከተሸከመው በኋላ ማይኩን ሲያይ አላስቻለውም። ደግ ያደረገ መስሎት ነበር፤ እንባውም የእውነት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቴ ትራስና ብርድ ልብስ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ሶፋው የእኔ ስለሆነ ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም፤ ክሎዜቱ ገባ። ከማግሥቱ ጀምሮ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን እትዬዎች በየተራ ድስት ይዘው ይመጡ ጀመር። እናቴ «ዝም በሉ» ብላ መብራት ታጠፋና ሦስታችንም ሳሎን ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን እንቆማለን። ያንኳኳሉ፣ ይጠራሉ፣ ድስቱን በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። እናቴ አንዱንም አልቀመሰችም። እኔና አባቴ ግን ቆመን ከድስቱ እንበላ ነበር። ለአንድ ባምፐር ይሄን ያህል ምስር ወጥ ከመጣ፣ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ብትወድም ኖሮ በግ ይታረድልን ነበር ብዬ አስቤያለሁ።

ባቡሩ የመጣው የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ነው። አባቴ ጋሼ ሳላሃዲን ሰፈር ከነበረ የዓመቱ መጨረሻ ጋራዥ ሴል፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት፣ አንድ ትልቅ ሳጥን ተሸክሞ ገባ። ሐዲድ፣ ጥቁር ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎዎች፣ ፍጥነቱን የምትጨምርበት ክብ ቁልፍ ያለው መቆጣጠሪያ። ያን ግድግዳ የተደገፈ ካርቶን ቀደደና ነጫጭ እንጨቶቹን አወጣ። በእነሱ ላይ የፕላይውድ ጣውላ አሳርፎ፣ በሩ ጋ መቆሚያ ብቻ ትቶ፣ ክሎዜቱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላ ጠረጴዛ ሠራ።

አልጋዬን ጠረጴዛ አደረገብኝ። ክፍሌን የባቡር መንደር አደረገብኝ። ሰርፕራይዙ ይሄ ሆኖ ቁጭ አለ። ሶፋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጎኑ ሁሉ ፍርግርግ የሆነ፣ እኔ ብተኛበት ከጉልበቴ በታች ውጭ የሚቀር አልጋ ለምን ሊገዙልኝ እንደሚችሉ ልብ አላልኩም። በኩርፊያ መሀል ሒሳብ አይሠራም።

አባቴ ከጠረጴዛው ሥር ፍራሽ ዘርግቶ መኖር ጀመረ። ክሎዜቱ ለቁመቱ ስለማይበቃ እግሮቹ በበሩ ወጥተው ኮሪደር ላይ ያድራሉ። ጠዋት ሽንት ቤት ስሄድ እነሱን ዘልዬ ነው። ባቡሩን ከመውደዱ የተነሣ ሥሩ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር። እናቴም እግሮቹን ትዘላቸዋለች፤ እሷ ግን እግሯን ለመዝለል ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ታደርጋለች።

ኩርፊያዬ ብዙ አልቆየም። ምክንያቱም አባቴ ችግር ገጥሞት ነበር፤ የትልቅ ሰው ችግር ደግሞ ደስ ይላል። የገዛው ባቡር ትልቁ ዓይነት ነው። ትልቁ ዓይነት ለመዞር ሰፊ ኩርባ ይፈልጋል። ክሎዜቱ በውስጠኛው ጫፍ ሰፊ ስለሆነ እዚያ ጋ ባቡሩ ዘና ብሎ ይዞራል። በር አካባቢ ግን የማሞቂያው ቱቦ ያለፈበት ሳጥን ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቦታው ይጠባል፤ ኩርባው በአንድ ጋት ያህል አይበቃም። አባቴ የፒዛ ካርቶን በኩርባ ቅርጽ እየቆረጠ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ያዞራል፣ ይገለብጣል፣ እንደገና በሜትር ይለካል። ጋቷ ፈቀቅ አትልም። ሐዲዱን አስገድዶ ሲያጥፈው ደግሞ ባቡሩ ከውስጠኛው ጫፍ በክብር ተነሥቶ ይመጣና በሩ ጋ ሲደርስ ተንሸራትቶ ግድግዳውን ጓ ያደርገዋል። ያ ግድግዳ የእናቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ነው።

ጓ። ዝም። ጓ። ዝም። ያ ዊንተር እንዲህ ነበር የሚሰማው።

«ትንሹን ዓይነት ግዛ» አለው ጋሼ ሳላሃዲን በስልክ። «ትንሹን አልፈልግም» አለ አባቴ፣ እኔን የሚያክል ልጅ መስሎ። አሁን ሳስበው ያኔ የሚፈልገው ባቡር አልነበረም። ያ አረንጓዴ ክፍል ባዶ ሆኖ እንዳይታየው በአንድ ነገር መሙላት ነበረበት፤ ሞልቶት ሲያበቃ ደግሞ የሚሠራው ስለሚያልቅበት፣ አይበቃም ያለው ኩርባ ሳይጠቅመው አልቀረም።

እኔን በመሬት ሥራ ቀጠረኝ። የደረቀ የሻይ ቅጠል በሙጫ እያጣበቅኩ አፈር ሠራሁ። ዛፎቻችን የበሶብላ ግንዶች ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ በሶብላ ይሸት ነበር። የጭማቂ ካርቶን ነዳጅ ማደያ ሆነ፣ የጫማ ሣጥን ዌርሃውስ የሚሉት መጋዘን ሆነ። የተቀረው ፓርኪንግ ነው፤ ኮሎምበስን በትክክል ሠራን ማለት ይቻላል። መቆጣጠሪያውን ግን አያስነካኝም። «ኢትስ ኖት ፌር» ስለው «ሲዞር ትነጂዋለሽ» ይለኛል። ስለዚህ ያቺ ጋት የእኔም ጉዳይ ሆነች።

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ አባቴ ለእናቴ ሽማግሌ ላከ። ሰው ሽማግሌ የሚልከው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ከተማ ነው። አባቴ ከግድግዳ ማዶ ላከ። የመጡት ጋሼ ሳላሃዲንና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ዘውዴ ናቸው። ጋሼ ዘውዴ ድምፀ ነጎድጓድ ናቸው፤ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እንኳን አሜን ማለት ያምርሃል። ሁለቱም ኮት ለብሰው ሶፋዬ ላይ ተቀመጡ። አባቴ በርጩማ ላይ እጁን አጣምሮ አቀረቀረ። እናቴ ከመኝታ ቤት አልወጣችም፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው። እኔን «ወደዚያ ሂጂ» አሉኝ። ወደዚያ የሚባል ቦታ ቤታችን ውስጥ ስለሌለ ክሎዜት ገብቼ ጆሮዬን ተከልኩ።

«ሙሉወርቅ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ዘውዴ ገርበብ ወዳለው በር። «ባሮክ አጥፍቷል። አጥፍቻለሁ ብሏል። እኛም አጥፍቷል ብለናል። እንግዲህ በአደባባይ ያጠፋ በአደባባይ ይክሳልና፣ የፊታችን እሁድ ይነሣና በጉባኤው ፊት ይቅርታ ይጠይቅሽ።»

አባቴ በርጩማው ላይ ይበልጥ አቀረቀረ።

«በምን?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«እንዴት በምን?»

«በምንድን ነው የሚጠይቀኝ ጋሼ ዘውዴ? በማይክ?»

ጋሼ ዘውዴ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ...»

«ዘውዴ፣ ወላሂ ተው» አለ ጋሼ ሳላሃዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እናንተም ማይክ ይዛችሁ ከሆነ የመጣችሁት እዚያው በር ላይ አስቀምጡትና ግቡ» አለች እናቴ። «ድስት የሚቀመጥበት ቦታ አለ።»

እኔ ክሎዜት ውስጥ ሆኜ፣ ካምሪዋ እኮ ተሠርታለች፣ ባምፐሩ አዲስ ሆኗል፣ ምን ቀራቸው እያልኩ እበሳጫለሁ። ጋሼ ሳላሃዲን ጉሮሮውን ጠራረገ። «እስቲ ባሮክ፣ ይሄን ባቡርህን አሳየን» አለ።

ለአፍታ ነበር ሐሳቡ፤ አየሩ እስኪለወጥ። ግን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከኮታቸው ጋር ክሎዜት ውስጥ ገብተው፣ አባቴ መብራቱን አብርቶ ባቡሩን ሲያስነሣ፣ የሽምግልናው ነገር ከሁሉም ጭንቅላት ወጣ። ባቡሩ ውስጠኛውን ጫፍ ዞሮ መጣ፤ ጓ።

«ቀስ አድርገህ ንዳው» አሉ ጋሼ ዘውዴ። ቀስ ብሎ ጓ አለ።

«አፍጥነው እስቲ።» ፈጥኖ ጓ አለ።

ጋሼ ሳላሃዲን ኮቱን አውልቆ ለእኔ አስያዘኝና በጉልበቱ ተንበረከከ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሐዲዱን ተመለከተ። «ትሬለር እኮ ነው ይሄ» አለ። «ራሱ ይዞራል፤ ጅራቱ ነው የማይዞረው። ጅራቱ ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ጋ ምን አለ?» ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ።

«የሙሉ ኮመዲኖ» አለ አባቴ።

«ቤተ ክርስቲያኑስ የታለ?» አሉ ጋሼ ዘውዴ ከተማውን በዓይናቸው ሲቃኙ ቆይተው።

«ቦታ አልበቃ አለኝ ጋሼ።»

«ፓርኪንግ ብቻ በቃህ?»

«መስጊድም የለውም፤ አላዳላም» አለ ጋሼ ሳላሃዲን። አባቴ ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ከሰማሁ ስለቆየሁ ድምፁን ለማወቅ ቀና ብዬ አየሁት። ከዚያ ሦስቱም ይስቁ ጀመር፤ ባቡሩም ጓ አለ፤ እንደገና ሳቁ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እናቴ በክሎዜቱ በር ፊት ሳታየን አልፋ ወደ ኩሽና ሄደች። ሻይ ልታፈላ ነው ብለን ጠበቅን። የመሳቢያው ድምፅ ተሰማ። ስትመለስ በእጇ የዳቦ ቢላዋ ይዛለች፤ ያንን ረጅሙን፣ ጥርስ ያለውን።

እዚህ ጋ ነው ቆም ብዬ ውሃ የምጎነጨው። ያኔ ግን አልሳቅኩም። ባቡሩን ልትቆራርጠው ነው ብዬ እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። ጋሼ ዘውዴ «ሙሉወርቅ፣ በጌታ ስም» ብለው ወደ ፍራሹ አፈገፈጉ። እሷ ግን ማናችንንም ሳታይ መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋች። ኮመዲኖው ሲገፋ ሰማን። ከዚያ የቢላዋው ጫፍ፣ ባቡሩ በሚጋጭበት ቦታ ላይ፣ በግድግዳው በኩል ብቅ አለ።

ገባ፤ ወጣ። ነጭ ዱቄት ዌርሃውሱ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። አባቴ መቆጣጠሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የአሜሪካ ግድግዳ ከዳቦ ብዙም አይለይም፤ እናቴ እንደ ዳቦ ነበር የምትገዘግዘው።

«የኪራዩ ዲፖዚትስ?» አሉ ጋሼ ዘውዴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ። «ውሉ ላይ እኮ ሚስማር እንኳን...»

«ዘውዴ፣ ተወውና እንሂድ» አለ ጋሼ ሳላሃዲን።

የግድግዳው ቁራጭ ነዳጅ ማደያው ላይ ወደቀ። በቀዳዳው የእናቴ ፊት ታየ፤ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ በዱቄት ነጭተዋል። ከዚያ ማይክ ጀምሮ አባቴን ፊት ለፊት ስታየው ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ይበቃል?» አለችው። «ወይስ ይስፋ?»

አባቴ ቀዳዳውን አየ፣ እሷን አየ። «ትንሽ ይስፋ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ያኔውኑ ሄዱ። ጋሼ ዘውዴ በር ላይ ቆመው የመዝጊያ ጸሎት ሊያደርጉ ሲሉ ጋሼ ሳላሃዲን በኮታቸው ጅራት ጎትቶ ደረጃውን አስወረዳቸው። ዛሬ ድረስ ያን ቤት ያስታረቅነው እኛ ነን ይላሉ።

እራታችንን ከመብላታችን በፊት ሐዲዱ በቀዳዳው አልፎ፣ እናቴ ኮመዲኖ ላይ ሰፊ ኩርባ ሠርቶ፣ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ገጠመ። እናቴ በዚያኛው ወገን ሆና ቅባቷንና ማበጠሪያዋን ገለል ስታደርግ ይሰማናል። አባቴና እኔ በዚህኛው ወገን። አባቴ ባቡሩን አስነሣው። ውስጠኛውን ጫፍ ዞረ፣ በዌርሃውሱ አለፈ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ጓ የሚል የለም።

ግን አልተመለሰም። ድምፁ በዚያ በኩል ቆመ። ጠበቅን። አባቴ ቁልፉን ወደ ዜሮ መለሰው። «ማሚ ሰርቃን ነው» አልኩት። ዝም በይ በሚል እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ። ቆየት ብሎ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተቆረቆረ። አባቴ ቁልፉን ቀስ ብሎ አዞረው።

ሎኮሞቲቩ ከቀዳዳው ወጣ። አንዱ ፉርጎ ካልሲ ለብሷል፤ አውራ ጣቴን የምታህል፣ ቀለል ያለ አረንጓዴ ካልሲ። እናቴ ፉርጎውን አልብሳው ነው የላከችው። በሳቅ ፈረስኩ። የእኔ የሕፃንነት ካልሲ ናት ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው የምናገረውም እንዲሁ ነው። «ዳዲ፣ ኢትስ ኮልድ ኢን ማሚስ ሩም» አልኩ። ቀልዴ ደስ ስላለኝ ደገምኩት።

አባቴ አልሳቀም። ባቡሩን አቆመ። ለመውጣት ሲዞር ጉልበቱን ከጠረጴዛው ፍርግርግ ጋር አላተመ፤ ያመመው አይመስልም። መቆጣጠሪያውን ሳያየኝ እጄ ላይ አስቀመጠው። ኮሪደሩ ላይ አንድ እርምጃ ተራምዶ መኝታ ቤቱን አንኳኳ። ተከፈተለት፤ ገባ፤ ተዘጋ።

በግድግዳው ቀዳዳ ድምፅ ይመጣ ነበር። ትልልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ ማንኛቸው እንደሆኑም አልለየሁም። ግን መቆጣጠሪያው እጄ ላይ ነው። ክሎዜቱ ባዶ ነው። ወደ በሩ ሄድኩና ድርግም አድርጌ ዘጋሁት፤ ማንም አልተቆጣኝም። ከዚያ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩና ባቡሩን ከነካልሲው ዳር እስከ ዳር አበረርኩት። ያቺን ማታ የእናቴን ፍቅር በባቡር ያሸነፍነው ይመስለኝ ነበር። ካምሪዋንም ይቅር ተባባሉ አልኩ።

አሁን እናቴና አባቴ ፒከሪንግተን ቤት አላቸው። ቤዝመንቱ እንኳን ለባቡር ለትሬለርም ይበቃል፤ አባቴ የፈለገውን ያህል ሰፊ ኩርባ መሥራት ይችላል። እሱ ግን የሠራው ከዚያ ክሎዜት የማይበልጥ ጠረጴዛ ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ግድግዳ አቁሞ ቀዳዳ በስቶበታል። ያ ፉርጎም እስካሁን ካልሲዋን እንደለበሰ ይዞራል። ጡረተኛ ስለሆነ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም።

ባለፈው ግንቦት እኔን ለእጮኛዬ ለቢሩክ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ቢሩክ ተንኮለኛ ነውና አባቴ እምቢ የማይለውን ሰው መርጦ ጋሼ ሳላሃዲንን ላከ። ጋሼ ሳላሃዲን ጢሙ ሁሉ ነጭቷል። ጥያቄው ሦስት አረፍተ ነገር ፈጀና ቀጥታ ቤዝመንት ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ታሪኩን አወራሁላቸው፤ ምስር ወጡን፣ ማይኩን፣ ካምሪዋን፣ ቢላዋውን፣ ፉርጎው የለበሰውን የሕፃንነት ካልሲዬን። የቢሩክ አጎት በሳቅ እንባ ጠረጉ። ጋሼ ሳላሃዲንና አባቴ ግን ሐዲዱን ነበር የሚያዩት። እናቴም ደረጃውን ወጥታ ሄዳለች።

ኩሽና አገኘኋት፤ ንጹሕ ብርጭቆ እንደገና ታጥባለች።

«የምን ካምሪ ነው?» አለችኝ።

«የገጨሻት ነዋ። ዳዲ በማይክ የተናገረብሽ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዚያ ትስቅ ጀመር፤ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ፣ ሆዷን እስክትይዝ ሳቀች። «ለባምፐር» አለች፣ «ያ ሁሉ ሰው ለባምፐር ምስር ሲሠራልኝ።» ሳቋ ሲያልቅ ነገረችኝ። ሁሉንም ነገረችኝ፤ ያ ክፍል ለማን ሊሰጥ እንደነበር፣ እንጨቶቹ የምን እንደነበሩ፣ ጋሼ ሳላሃዲን ቤት ስሰነብት እሷ የት እንደነበረች። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን አባቴ ክሎዜቱ ውስጥ ሲስቅ በግድግዳ ስትሰማው፣ እኔ ያልኖርኩበት ሳቅ አለው ወይ ብላ እንደተናደደች። ከዚያ ደግሞ ቢላዋ ልታመጣ ስትሄድ ለምን እንደሆነ እሷም እንዳላወቀች።

ሶፋዬ ላይ ተደፍቼ ስለ ክፍሌ ያለቀስኩት ለቅሶ ትዝ አለኝ። እዚያ ቤት ይሉኝታ ሳይዘው ጮክ ብሎ ያለቀሰ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ካልሲዋስ?» አልኳት። «የእኔ አይደለችም?»

«ያንቺ ሮዝ ነበር» አለች። «ያቺን የገዛኋት ገና ወንድ ይሁን ሴት ሳናውቅ ነው። ለዚያ ነው አረንጓዴ ያደረግኩት።»

ከታች የባቡሩ ድምፅ ይመጣል። ካልሲ ተገዝቶ የሚመጣው በጥንድ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ካልሲዋን ለሰው ሳሳይ፣ ሳስቅባት፣ ፎቶ ሳነሣት፣ ሌላኛዋ የት ናት ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

«ሌላኛዋስ?» አልኳት።

እናቴ እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ጣት በጣት።

«ሌላኛዋ የእኔ ናት» አለችና ብርጭቆዎቹን በትሪው ደርድራ እንድወስድላቸው ሰጠችኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ ጋሼ ሳላሃዲን አባቴን ኩርባው ላይ ቀስ በል እያለው ነበር።